የጋሽ ታደሰ ፋይል

ሰኞ

እሺ አልኳቸው። ምኑን እሺ እንዳልኩ ማሰብ የጀመርኩት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

የታኮማው ክሊኒክ የቀጠሮ ፕሮግራሜን ሊገዛ ነው፤ ግን ሶርስ ኮዱም፣ ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ ራሱ፣ ይሰጠን አሉ። እኔ ብታመም ወይም ሥራውን ብተወው ራሳቸው እንዲጠግኑት። እውነት አላቸው። እኔ ደግሞ ኮዱን ለሌላ ክሊኒክ እንዳያሳልፉት እፈልጋለሁ። ሁለት ዓመት የሠራሁት እሱን ብቻ ነው። ሌላ ገዢ የለኝም።

ላይሰንሱን፣ የአጠቃቀም ፈቃዱን፣ መርጬ እስከ ሐሙስ መላክ አለብኝ።

ማክሰኞ

ሦስት ዓይነት አነበብኩ። አንዱ ማንም እንዳሻው ይጠቀምበት ይላል። ሌላው ይጠቀምበት፣ ግን አሻሽሎ ሲያሰራጨው እሱም ኮዱን ክፍት ያድርግ ይላል። ሦስተኛው የንግድ ነው፦ እዩት፣ አስተካክሉት፣ ለሌላ አትስጡት። ይኼኛውን መረጥኩ። ቀለል አለኝ።

ከዚያ መጨረሻው ላይ አንድ መስመር፦ ኮዱ በሙሉ የእኔ መሆኑን አረጋግጣለሁ።

በሙሉ?

ቀጠሮውን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚቀይረውን ፋይል የጻፉት ጋሽ ታደሰ ናቸው። እኔ ጳጉሜ ላይ ሁልጊዜ እሳሳት ነበር። ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ኮድ መጻፍ የተማሩት ከስድሳ ዓመታቸው በኋላ ነው። በመካከላችን ወረቀት የለም። ማን አስቦት።

ረቡዕ

ሬኒየር ቫሊ፣ ጋሽ ታደሰ ቤት። ፓርክ አድርጌ አሥር ደቂቃ መኪናው ውስጥ ተቀመጥኩ። ላይሰንሱንና ፋይሉን ለእኔ ሰጥቻለሁ የሚል ወረቀት ይዣለሁ። ይፈርሙልኝ ማለት አላምንዎትም ማለት መሰለኝ።

አልተቀየሙም። መነጽራቸውን ፈልገው ሁሉንም አነበቡ፤ እንግሊዝኛዬንም ሁለት ቦታ አረሙልኝ። ከዚያ «ለሌላ አይሰጥም» የሚለው ላይ ጣታቸው ቆመ።

«እኔ እኮ ሰጥቻለሁ።»

«ምኑን ጋሼ?»

«ፋይሉን ነዋ። ለቤተ ክርስቲያኑ ልጆች፣ ዴ ሞይን ከተማ ላለው ባለሱቅ ለከድር። ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል? ጳጉሜ የግሌ ናት ልበል?»

ሳቅሁ። ግን ክሊኒኩ ሳይገዛኝ ሊቀር እንደሚችል ነገርኳቸው። እስክሪብቶ አነሡ።

«ሶ፣ ምንም አልጻፍኩም ብዬ ልፈርምልሽ?»

ወዲያው እምቢ አላልኩም። ይህን እዚህ ልጻፈው። ሦስት፣ አራት ሰከንድ እጃቸውን አየሁ።

«አይ ጋሼ» አልኩ።

ሐሙስ

ጠዋት ኮዱን ለሁለት ከፈልኩት። የጋሽ ታደሰ ፋይል በስማቸው፣ ማንም እንዲጠቀምበት በክፍቱ ላይሰንስ። የቀረው በንግዱ። ደውዬ አነበብኩላቸው። ኦኬ አሉ፤ የአባታቸው ስምም እንዲገባ ጠየቁ።

ለክሊኒኩ የሆነውን ሁሉ ጻፍኩ፤ ፋይሉ ማን ማን ጋ እንዳለም ጭምር። ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጇ ኮል አደረገች። ሌላስ የሌላ ሰው እጅ ያለበት አለ ወይ? የለም አልኩ። ለጠበቃችን አሳይቼ መልሱን ሰኞ እነግርሻለሁ አለች።

የተቆጣች አትመስልም። ወይም እኔ እንደዚያ መስማት ፈልጌ ይሆናል። የላክሁትን እንደገና አነበብኩት፤ ልመልሰው የምመኘው መስመር አላገኘሁም።

ምሳ አለመብላቴ ትዝ ያለኝ አሁን ነው። ርቦኛል።