ፎቅ ላይ የማይቆፈር ጉድጓድ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለገብረ ሕይወት ገብረ ጻድቅ፤ አስመራ።

እንደ ምን ሰንብተሃል? እንደ ምን ከርመሃል? ያ ብርድ ሲነካህ የሚያስቸግርህ ጉሮሮህስ ተሻለህ? የምታስተምራቸው ልጆች ይታዘዙሃል ወይስ አንተ ትንሽ ሳለህ መምህራንህን እንዳስለቀስካቸው ያስለቅሱሃል? እኛ ከአባባ ጀምሮ እስከ ልጄ እስከ ወለተሐና ድረስ በሽታ አልጎበኘንም፤ የሥላሴ ስም የተመሰገነ ይሁን። ኑሯችን ግን ደኅና አይደለምና ይህን ቁጭ ብለህ አንብበው።

ሠፈራችን ሊፈርስና እንደገና ሊሠራ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው መሐንዲስ በገመድና በችካል ሲለካ ከርሞ፣ ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ፕላኑ ማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ከደሴ መንገድ አንሥቶ እስከ እኛ ደጅ ያለው የጭቃ ቤት ሁሉ ይነሣና ባለ አንድ ፎቅ የድንጋይ ቤት በረድፍ ይቆማል። ምድር ቤቱ ለሱቅ፣ ለሻይ ቤትና ለእጅ ሥራ ነው፤ ፎቁ ለመኖሪያ። በቤቱ ይሠራበት ለነበረ ሰው ምድር ቤት ይሰጠዋል፤ ይኖርበት ብቻ ለነበረ ደግሞ ፎቅ። አልዋሽህም፣ ሥዕሉን ሳየው አምሮኝ ነበር። የቧንቧ ውሃ አለው፣ መብራት አለው። ወለተሐና መስኮቱን ስትቆጥር ዋለች። ለእኛ የደረሰን ግን ፎቅ ነው።

አባባ በርኖስ የሚሠራው የሽመና ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ታች ሰዶ መርገጫውን እየረገጠ መሆኑን እኔ ላንተ አልነግርህም። አርባ ዓመት እንዲሁ ኖረ። ፎቅ ላይ የት ይቆፍር? ከሥር ባለው ሻይ ቤት እንግዳ ራስ ላይ እግሩን ያንጠልጥል?

ጥፋቱ የመሐንዲሱ አይደለም፤ የእኛው ነው። በጥር ወር፣ ቤት መዝጋቢዎቹ ሲመጡ አባባ ጉድጓዱን በሳንቃ ከድኖ አጎዛ አነጠፈበት። መወርወሪያውን ጭድ ውስጥ ደበቀ። እኔንም የምፈትለውን የበግ ጸጉር አሸክሞ ወደ ጓሮ ሰደደኝ። በምን ትተዳደራለህ ሲሉት፣ ገበሬ ነኝ፣ ይህ ማደሪያዬ ብቻ ነው አላቸው። ከመዝጋቢዎቹ አንዱ ከሰላ ድንጋይ በቅርቡ ተዛውረው የመጡት አቶ ወልደአረጋይ፣ የእጮኛህ የወለተ ሥላሴ አጎት ናቸው። አንተ ለወላጆቿ አባቴ ገበሬ ነው ብለህ ጽፈሃል። አባባም፣ ልጄን በሸማኔነቴ ሰው ፊት አላዋርደውም ብሎ ነው ቃልህን የጠበቀልህ።

አባባን ሳላማክር መሐንዲሱ ዘንድ ሄድኩ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አስቀምጦ ሰማኝ። ምድር ቤት አንድ ክፍል ገና አልተሰጠም አለኝ። ነገር ግን አባባ ቤቱን አምና በአንተና በእኔ ስም ስላዞረው፣ አባታችን በዚህ ቤት በሽመና ሲተዳደር ኖሯል ብለን ሁለታችንም ፈርመን እስከ ግንቦት ሠላሳ ማቅረብ አለብን። ያ ቀን ካለፈ ክፍሉ ለሌላ ይሰጣል፤ ቤታችን ከነጉድጓዱ ሲደለደልም አባባ መሥሪያ ያጣል። እኔ እዚያው ፈርሜያለሁ። የቀረው ያንተ ነው። ወረቀቱን ተቀብለው አንብበው መዝገብ ላይ የሚያሰፍሩት አቶ ወልደአረጋይ መሆናቸውን አልደብቅህም።

አባባ ከጥር ወዲህ በር ዘግቶ ነው የሚሠራ። በዚያች ጠባብ መስኮት በምትገባው ብርሃን ክሩን እየዳበሰ ይውላል። ደጅ በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጣል፤ በሰባ ዓመቱ፣ በገዛ ቤቱ፣ እንደ ሌባ። ፎቅ ካወጡት ክረምቱን የሚዘልቅ አይመስለኝም። ይህን ነገር ለወንድምሽ እንዳትጽፊለት ብሎ ለምኖኝ እሺ ብዬው ነበር። ይኸው ጻፍኩት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ተቆጥቼሃለሁ ገብሬ። እናታችን ብትኖር እሷ ትቆጣህ ነበር፤ እኔ ባልደረሰብኝ። ትዳርህም እንዲፈርስ አልሻም፤ ልጅቷ ጨዋ ናት ሲሉ እሰማለሁ። የትኛውን ምረጥ እንደምልህ ሳስብ ብዕሩ ከእጄ ይወድቃል። ቢሆንም ፈርምልን። በገዛ እጅህ የሸማኔ ልጅ ነኝ ብለህ ጻፍና ላክልን።

ባለቤቴ ብርሃነ መስቀል ከደብረ ሲና ጭነት አራግፎ ትናንት ገባ፤ በጣም ናፍቀኸኛል ይልሃል። ወለተሐና ጉልበትህን ትስማለች፤ ፊደል ጨርሳለች። ጎረቤታችን እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ በጸሎት እያሰቡህ ነው። አባባ አገላብጦ ይስምሃል፤ ልጅ ወልደህ ለመሳም ያብቃህ ብሎ መርቆሃል። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ሹፌር አንድ ጥቁር በርኖስ ይሰጥሃል። አባባ ለሠርግህ የላከልህ ነው። ከገበያ የተገዛ ነው ብለሽ ጻፊለት ብሎኛል። ከገበያ የተገዛ ነው።

እህትህ በሰለች ገብረ ጻድቅ
ደብረ ብርሃን፣ ግንቦት ፯ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.