«አንቺ» የምትላት ሞተር

ውድ አንጁሎዬ፣

ከተለየኸኝ ወዲህ ፋሲካ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሁለት ጊዜ አለፈ። እስካሁን ያልጻፍኩልህ ኩርፊያዬ አልበርድ ብሎኝ ነው። አዎ፣ ሞተህም አኩርፌሃለሁ፤ በእሷ ምክንያት።

ማንን እንደምል ታውቃለህ። ደርግ በወደቀ ዓመት ከምትሠራበት የእንግዳ ማረፊያ ግቢ ተጥላ አግኝተህ፣ ተሸክመህ አምጥተህ አልጋችን ሥር ያስቀመጥካት የሳር ማጨጃ ሞተር፤ ባለ ሦስት ተኩል ፈረስ ጉልበቷ። እሁድ እሁድ ጫሞ ሐይቅ ዳር ወርደን ዓሣ እንበላለን ብዬ ለባብሼ ስጠብቅህ፣ አንተ ካንዴላዋን በሸሚዝህ ጫፍ ትወለውልላታለህ። ያውም እኔ ባጠብኩት ሸሚዝ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን አነጋገርህ ነበር። ከመንደርህ ከኦቾሎ ስትወርድ አማርኛ አታውቅም ነበር፤ እሱስ ይሁን። እኔን «ና፣ ብላ፣ የት ነበርክ» ትለኝና ወደ እሷ ስትዞር «ተነሺ እስቲ የኔ እመቤት፣ ምን ሆንሽብኝ» ትላታለህ። ባርምህ ባርምህ ምላስህ እዚያው ነው። ጎረቤት ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ ውስጤ ግን ይቃጠላል። ለእኔ የጠፋው «አንቺ» ለብረት እንዴት ተገኘ?

ባለፈው ወር የሥራ ጓደኛህ ታደለ መጣ። የማረፊያው ባለ ሦስት ፈረስ ጉልበት ማጨጃ ካርቡራተሯ ተበላሽቶ ቆማለች፤ ሳሩ ጉልበት ደርሷል። አልጋ ሥር ያለችውን ስጪኝ አለኝ። ለምን እንደፈለጋት ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልግም። ባለ ሦስቷና ባለ ሦስት ተኩሏ እህትማማች ናቸው፣ ካርቡራተሩንም ገመዱንም ይዋዋሳሉ፤ ባለ አምስት ፈረስ ጉልበት የሆነችዋ ግን ፒስተኗም ሰፊ ነው፣ ዕቃዋም ለእነሱ አይሆንም። ጣውንቴ ናትና ገበናዋን አውቃለሁ።

ስንት ዓመት ከቤቴ ትውጣልኝ ስል ኖሬ፣ ታደለ ጎንበስ ብሎ እጁን ሲዘረጋባት ደሜ ፈላ። አንተ የፈታኸውንና የገጠምከውን ሌላ ሰው ሊፈታው! አይሆንም አልኩት። ከዚያ የታመቀው ሁሉ ገነፈለና የ«አንቺ»ውን ነገር ዘረገፍኩለት።

ታደለ ሳቀ። አማርኛ የተማርከው ድሮ አብራችሁ ትሠሩበት በነበረው ጋራዥ ውስጥ እንደሆነ ነገረኝ። እዚያ ሴት አልነበረችም፤ ሰው ሁሉ «አንተ» ነው። አለቃችሁ «አንቺ» የሚለው ሞተርን ብቻ ነበር። አንተም እንደሰማኸው ያዝከው፤ ሰው ከሆነ አንተ፣ ሞተር ከሆነች አንቺ።

ለካ እኔን ከሰው ቆጥረህ ነው! ስቄ ሳልጨርስ አለቀስኩ።

ካርቡራተሩን ብቻ እንዲፈታ ፈቀድኩለት፤ ሌላው አካሏ አልጋው ሥር ተመልሷል። ሲገጥምም ማረፊያው ድረስ ተከትዬው ሄድኩ፣ አላመንኩትማ። ገመዱን ደጋግሞ ሳበ፣ ማጨጃዋ እምቢ አለች። «‹አንቺ› በላት» አልኩት። አላት፣ ተነሳች። አባያ ሐይቅ ድረስ የሚሰማ መሰለኝ ድምጿ። ያኔም ቀናሁ፣ አልዋሽህም።

እረሳሃለሁ ብለህ አትስጋ። አሁን ሰው ሁሉ አስተካክሎ «አንቺ» ይለኛል፣ እንደ ሞተር። እኔ ግን ብቻዬን ለምሳ በቀረብኩ ቁጥር ለራሴ በአንተ አማርኛ «ና፣ ብላ» እላለሁ። እስክንገናኝ ድረስ አላርመውም።

ባለቤትህ አስቴር