ሦስተኛው መብራት ሥር

ሃርስዌል፣ ኖቬምበር 14 ቀን 1994

ለምወድህ ልጄ ለትሬቨር፣

እንዴት ነህ? የካናዳ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ከውስጥ የሚለበስ ሙቅ ነገር ልኬልሃለሁ፤ ሳትኮራ ልበሰው። እኛ ደህና ነን። የአባትህ ጉልበት ያው ነው፣ አፉም ያው ነው።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ኳስ ሜዳው ባቡር ጣቢያ ነው። የጨዋታ ቀን ብቻ ይሠራ የነበረ ጣቢያ፣ የቡድናችን ሜዳ ተሽጦ ቤት ሲሠራበት ማን ዞር ብሎ ያየዋል? መሳፈሪያው ሣር በቅሎበት እስካሁን አለ። ከገና በኋላ ግን ሊያፈርሱት ነው አሉ።

የእነዚያን ቤቶች ፕላን የሠራኸው አንተ መሆንህን ሲሰማ አባትህ "ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ" ካለህ ስድስት ዓመት ሆነ። አንተም እልኸኛ ነህ፤ የማን ልጅ ሆነህ። ይሄ ሁሉ ጊዜ በከንቱ መሄዱ ያንገበግበኛል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ "ጉልበቴን ላፍታታ" ብሎ ይወጣል። ከትናንት ወዲያ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዤ ተከተልኩት። ለካስ የሚሄደው እዚያ ጣቢያ ነው። መሳፈሪያው ላይ፣ አምፖል በሌለው በሦስተኛው የመብራት ምሰሶ ሥር፣ የቡድኑን ስካርፍ ጠምጥሞ ቆሟል።

"ክሊፍ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"ባቡር እየጠበቅኩ ነዋ።"

"አንተ ሰውዬ ጤና የለህም። ቢመጣስ ልትሳፈር ነው?"

"ብቻዬን እንዴት እሳፈራለሁ?"

እኔም ጃንጥላውን ያዝኩለት። ሰባት ዓመትህ ሳለ ከጨዋታ ስትመለሱ እዚያው ጣቢያ በሕዝቡ መሃል ጠፍተህበት ሲፈልግህ የመጨረሻው ባቡር አመለጠውና፣ እሽኮኮ አድርጎህ በእግሩ የመጣበትን ቀን ታስታውሳለህ? ከዚያ ወዲህ ነው "ከተጠፋፋን ሦስተኛው መብራት ሥር እንገናኝ፤ አንዳችን ያለ አንዳችን አንሳፈርም" የተባባላችሁት። እኔ ረስቼው ነበር።

ዛሬ ጠዋት ደብዳቤ ልጽፍልህ ስቀመጥ "ከአንተስ ምን ልበለው?" አልኩት።

"ምንም።"

ጋዜጣ ሊገዛ ካፖርቱን ለብሶ በሩ ጋ ከደረሰ በኋላ ግን ፊቱን ሳያዞር "መብራቱን እስከ ገና አይነቅሉትም በይው" አለኝ።

እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ፣ በሄድክበት ሁሉ ይጠብቅህ። አልጋህን አንጥፌዋለሁ።

እናትህ ሂልዳ