ሳልሰማ ያልኩት እሺ

ሰኞ

ፌስቡኩንም ቲክቶኩንም ከስልኬ አጠፋሁ። ምክንያቱ ትልቅ አይደለም፤ ጎመን አሳረርኩ። በሳምንት ውስጥ ሦስተኛዬ ነው። ባሌ ታደለ ያረረውን እየለየ በላ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ

ቢሮ ውስጥ እጄ በየደቂቃው ስልኬን ያነሳል። አንስቶም የሚያየው የለም፤ ሰዓት አይቶ ይመልሰዋል። ማን አገባ፣ ማን ወለደ፣ ማን ተሰደበ፣ ምንም ሳላውቅ ዋልኩ። ጭር አለብኝ። ግን ሦስት ሳምንት ጠረጴዛዬ ላይ የተኛውን ደብዳቤ ጽፌ ጨረስኩ።

ረቡዕ

እስካሁን ያተረፍኩት፦ ዓይኔ አልቀላም። ሻዬን ሳይቀዘቅዝ ጠጣሁ። ደግሞ ታደለ ሲስቅ ግራ ጉንጩ ይሰረጉዳል። ዘጠኝ ዓመት አብሬው ኖሬ ይሄን እንዴት እረሳለሁ? አፍጥጬ ሳየው "ምን ሆንሽ?" አለኝ። አፈርኩ።

ሐሙስ

አባዬ ከመንደሩ ከገዘር ደወለ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው። "ዶሮዎቹን ለጎረቤት ሰጠሁ። ቅዳሜ እመጣለሁ። እሺ ብለህ የለ?" አለኝ። አባዬ አማርኛ ሲናገር ሴትም ወንድም ለሱ አንድ ነው።

ምኑን ነው እሺ ያልኩት? መጠየቅ ፈራሁ። "በሰላም ና" ብዬ ዘጋሁ።

ዓርብ

ታደለን ጠየቅኩት። ሳቀብኝ። ባለፈው አባዬ ለገበያ መጥቶ እኛ ጋ ምሳ ሲበላ "እናንተ ጋ ልኑር?" ብሎኝ ነበር። እኔ ስልኬ ላይ እንዳቀረቀርኩ "እሺ አባዬ፣ እሺ" ብያለሁ። ያውም ሁለት ጊዜ!

ያለን ሁለት ክፍል ነው። አባዬ ደግሞ ገና ሳይነጋ ጮክ ብሎ የሚጸልይ ሰው ነው። ግን የከበደኝ እሱ አይደለም። ሰውዬው ቤቱን ሊዘጋ የተነሳው እኔ ልብ ብዬ ባልተናገርኩት ቃል ነው። አለቀስኩ።

ቅዳሜ

መናኸሪያ ሄጄ ጠበቅኩት። አንድ ብርድ ልብስና ግማሽ ማዳበሪያ ጎደሬ ይዞ ከሚኒባስ ወረደ። ሌላ ዕቃ የለውም። ቤት እንደገባን፣ ገና ሳይቀመጥ፣ "አባዬ፣ ያን ቀን አልሰማሁህም" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ። "ስልኩን እያየህ ትስቅ ነበር። እኔ የሚያስቅ ነገር አልተናገርኩም።"

ዶሮዎቹንም ለካ የሰጠው በአደራ ነው። እሺታዬን አላመነውም።

"እንደገና ጠይቀኝ" አልኩት። ስልኬን ሳጥን ውስጥ ከትቼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ከጉልበቱ ሕመም ጀመረ። ቀጥሎ ስለሚያፈሰው ጣሪያው አወራ። አንዳንድ ቀን ከሰው ጋር አንድ ቃል ሳይነጋገር እንደሚመሽበት ነገረኝ። ይሄን ስንቴ ነግሮኝ ይሆን? አላቋረጥኩትም። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እናንተ ጋ ልኑር?" አለኝ።

እሺ ማለት አስጠላኝ። "ኑርልኝ አባዬ" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና "ዶሮዎቹስ?" አለ።

የት እንደምናሳድራቸው ጌታ ያውቃል። ሰኞ ፈቃድ ጠይቄ ላመጣቸው ገዘር እወጣለሁ።