ለሁለት የተከፈለው ቁልፍ

ይድረስ ለልጄ፣

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ጢሜን ራሴ እላጫለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፣ አርባ ሁለቱን ደረጃ መሃል ላይ አንዴ ብቻ አርፌ እወጣለሁ። ይህን ያስቀደምኩት የቀረውን ስታነቢ «አባዬ አለቀለት» እንዳትዪ ነው። ለመሆኑ እንዴት ነሽ፣ የኔ እናት? ያ ወገብሽስ ተሻለሽ? ባልሽ ሥራው እንዴት ይዞታል? ልጆቹስ አሁንም በጫማ ይጣላሉ? አማትሽ ጉልበታቸው ተፈታላቸው ወይ? እኔን ክፉ አልነካኝም። ደኅና ነኝ ብዬ ልጽፍ ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ።

ከደረጃው ታች ባለችው ልብስ ሰፊ ስልክ «መብራት ጠፍቶ ነው ኮምፒውተሩ ላይ ያላየሽኝ» ያልኩሽ ውሸት ነው። መብራቱ ቦግ እንዳለ ነው። እውነቱን በስልክ ያልነገርኩሽ ማን እንደሚሰማ ስላላወቅሁ ነው። ወረቀት ይሻላል፤ ወረቀት ሌላ ሰው ከከፈተው ቢያንስ ቅዳዱ ይታያል። ደረጃው ላይ ከወደቅሁ ወዲህ «አባዬ፣ ሌላ አንድ ነገር ከተፈጠረ ቤቱን ዘግተህ እኔ ዘንድ ትመጣለህ» ብለሽ ቃል አስገብተሽኛል። እንግዲህ ተፈጥሯል።

ከፊት ለፊቴ ያለውን ክፍል የተከራየ ሰውዬ አለ፤ ረጅም፣ ዝምተኛ። ባለፈው ሳምንት ደረጃው ላይ አገኘኝና «አባባ፣ የልጅዎ ወገብ እንዴት ሆነ?» አለኝ። «ደኅና ናት» ብዬው አለፍኩ። በሬን ዘግቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ክው ያልኩት። ስለ ወገብሽ ለሰው ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። አንቺ በኮምፒውተር ጻፍሽልኝ፣ እኔ አነበብኩ፣ በቃ። ወዲያው ሌላው ነገር ትዝ አለኝ። ትርፍ የቤት ቁልፍ ከበሩ ውጭ፣ ከአበባው ጣሳ ሥር እንዳስቀመጥኩ የጻፍኩልሽ በዚያው ኮምፒውተር ነው። ወጥቼ ጣሳውን አነሳሁ። ቁልፉ አለ። ግን እኔ ሳስቀምጠው ጥርሱ ወደ ግድግዳ ነበር፤ አሁን ወደ በሩ ዞሯል። ሠላሳ አንድ ዓመት መጋዘን የጠበቀ ሰው ቁልፍ እንዴት እንዳስቀመጠ አይረሳም። ወይስ ይረሳል? ከሌባው ይልቅ ይህ ነው የሚያስፈራኝ።

የኮምፒውተር ጠጋኙን አስጠራሁ። መደርደሪያው ላይ ያለው የዋይፋይ ሳጥን ከተተከለ ጀምሮ ያለ ቁልፍ፣ ማለት ያለ ይለፍ ቃል፣ ክፍት ነበር አለኝ። ደብዳቤዎችሽን እንደ ንብረት መዝገብ የማስቀምጥበት ፋይልም ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከሳጥኑ ጋር የተገናኘውን ቢቆጥር ሁለት ሆነ። አንዱ የእኔ ኮምፒውተር። «ይኼኛውስ የማን ነው?» ሲለኝ ዓይኔ ፊት ለፊት ወዳለው ክፍል ሄደ። ከእንግዲህ በእኔ ስም በዚያ በኩል የሚመጣልሽን ማንኛውንም ጽሑፍ እንዳታምኚ።

መድኃኒቱ ምስጠራ ነው አለኝ። ከሳጥኑ ጋር የምንለዋወጠው ነገር በአየር ሲሄድ ሌላ ሰው ቢጠልፈው እንኳ እንዳያነበው ተመሳቅሎ ይሄዳል። የድሮው ዓይነት ምስጠራ ቶሎ ይፈታል ብሎ አዲሱን መረጠልኝ። ከዚያ አንድ ቁልፍ ሳጥኑ ላይ ይጻፋል፤ ያው ቁልፍ ኮምፒውተሩ ጎን ላይ ለተሰካችው፣ ጣት ለምታህለው መቀበያ ይሰጣል። አንዲት ፊደል ከተሳተች አይተዋወቁም። ቁልፉን ሊጽፍልኝ እጁን ሲሰድ «ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙር» አልኩት። «አባባ፣ እኔ ነኝኮ የምሠራልዎት!» አለ። «ግንበኛም ቤት ይሠራል፣ ቁልፉን ግን ይዞ አይሄድም» አልኩት። እየሳቀ ዞረ። አሥራ ስድስት ፊደልና ቁጥር፣ የፈረንጁን ፊደል እንደ ሥዕል እያየሁ፣ በአንድ ጣቴ ሁለት ቦታ ጻፍኩ። ገጠመ። ኮራሁ፣ አልዋሽሽም። «ኮምፒውተሩ ቁልፉን ያስታውስልዎት?» ሲለኝም «የሚያስታውስ ያወራል» ብዬ ከለከልኩት።

ጉዱ ከዚህ በኋላ ነው። የመጋዘናችን በር ሁለት ጓጉንቸር ነበረው፤ የአንዱ ቁልፍ በእኔ፣ የሌላው በሒሳብ ሹሙ እጅ። ብቻውን የሚከፍት ሰው አልነበረም፤ አንዲት ምስማር ጠፍታ አታውቅም። እኔም ያንኑ ደንብ አወጣሁ። ስምንቱን ፊደል ላንቺ ልልከው ፖስታ ውስጥ አሸግሁ፣ ስምንቱን ታች ላለችው ልብስ ሰፊ ሰጠሁ። እኔ ምንም አልያዝኩም። «የመንግሥት ካዝና ነው እንዴ የሚጠብቁት?» ብላ ሳቀችብኝ።

በማግስቱ አቧራ ስጠርግ መቀበያዋን ነቀልኳት። መልሼ ብሰካት ኮምፒውተሩ እንደ ባዕድ ቁልፍ ጠየቀኝ። ላንቺ ያሸግሁት ገና አልተላከም፤ ቀሪውን ፍለጋ ወደ ልብስ ሰፊዋ ወረድኩ። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወረቀቱ እንዳይጠፋ ብላ አንድ ኮት ላይ በስፒል ሰክታው፣ ኮቱን ባለቤቱ መጥቶ ወስዶታል። ባለቤቱ ማን ነው? ያው የፊት ለፊቱ ሰውዬ። ደንበኞቿ ፊት ከአፌ ወጥቶ የማያውቅ ቃል ተናገርኳት።

ሦስት ቀን በሬን በወንበር አስደግፌ ተቀመጥኩ። የጣሳውን ቁልፍ ኪሴ ከትቻለሁ፤ አስቀርጾት ከሆነስ? ኮሽ ባለ ቁጥር መጥረጊያ ይዤ እቆማለሁ። ዛሬ ረፋድ ላይ ተንኳኳ። «አባባ፣ ኮቴ ላይ ተሰክቶ አገኘሁት፤ የእርስዎ ነው አሉኝ» አለ ሰውየው። «በበሩ ሥር አስገባው» አልኩ። ወረቀቱ ገባ፤ እግሩ ግን አልሄደም። «ሰሞኑን አላየሁዎትም፣ አሞዎት ነው?» አለ። ደግ ሰው ይሁን፣ ሌላ ይሁን፣ አሁንም አላውቅም። እናትሽ ብትኖር በሩን ከፍታ «የልጄን ወገብ ከየት ሰማህ?» ብላ ፊት ለፊት ትጠይቀው ነበር። እኔ የእግሩ ድምፅ እስኪርቅ በሩን ያስደገፍኩበትን ወንበር ይዤ ቆምኩ።

ፈርቻለሁ፣ ልጄ። ይህን ቃል ለማንም ጽፌ አላውቅም። የሰጠሁሽን ቃልም አላጥፍም፤ መቼ እንደምመጣ አንቺ ቁረጪ። ባልሽን በርታ በዪልኝ። ትልቁን ግንባሩን፣ ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። ለአማትሽ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ዕዳ ጥዬ ግን ከዚህ ቤት አልወጣም። የሚከፍልልኝ ሰው እንዳትልኪ፣ ራሴ እከፍላለሁ። የሳጥኑን ቁልፍ የሰው ዓይን ስላየው በሌላ መለወጡ አይቀርም፤ ጠጋኙን በዚያን ቀን ፊቱን ሳላስዞር አጠገቤ ማስቀመጥ አለብኝ። ለልብስ ሰፊዋ በሰው ፊት የተናገርኳትን በሰው ፊት መመለስ አለብኝ። ለሰውየው፣ ደግም ይሁን ክፉ፣ አንድ የተከፈተ በርና አንድ ጥያቄ አለብኝ።

አባትሽ
ከቤቴ፣ ከመስኮቱ ሥር
ማክሰኞ፣ ጥር 12 ቀን