ስሙ አንድ፣ አድራሻው ሁለት

ሰኞ
ዛሬም ሦስት ሰዓት ላይ የካርድ ክፍሉ ኢንተርኔት ጠፋ። አራተኛ ቀኑ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ሳበራው ይመለስና እንደገና ይጠፋል። ወረፋው እስከ በሩ ደርሷል፤ አንድ አባት ልጃቸውን ታቅፈው ቆመዋል። የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ አቶ ሳሙኤል ሰው ፊት፣ «ሃና፣ አንቺን የቀጠርንሽ ለዚህ አይደል እንዴ?» አሉኝ። የሙከራ ጊዜዬ ገና አላለቀም። ደንግጬ አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ፤ «ወለሉ ሲወለወል የዋይፋዩ ራውተር ገመድ እየተነካ ይሆናል።»
የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ወርቅነሽ መወልወያቸውን ይዘው እዚያው ነበሩ። ቀና ብለው አዩኝ። ባልዲያቸውን አንስተው ወጡ።

ማክሰኞ
እትዬ ወርቅነሽ የሉም። ነገሩ እስኪጣራ ቤት ይቆዩ ተብለዋል።
ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ ጠፋ። ገመዱን ማንም አልነካውም፤ አጠገቡ ቆሜ ነበር።
ለአቶ ሳሙኤል ወዲያው መንገር ነበረብኝ። አልነገርኩም። «ታዲያ ምንድን ነው?» እንዳይሉኝ ፈራሁ። ምሳዬን ሳልነካው ይዤ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ከኦሎምፒያ እስከ ለሚ ኩራ ታክሲ ውስጥ ራሴን ስረግም ሄድኩ።

ረቡዕ
መገመት ይብቃ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቼ netsh wlan show interfaces ብዬ ጻፍኩ፤ ኮምፒውተሩ ከየትኛው ራውተር ጋር እንደተገናኘ ያሳያል። ያወጣውን ገለበጥኩ፦
የዋይፋዩ ስም፦ የእኛው
የራውተሩ አድራሻ፦ መጨረሻው 4C
ሲግናል፦ 61 በመቶ
ሲጠፋ ደገምኩት። ስሙ ያው ነው። ሲግናሉ 98! ኢንተርኔት የለም፣ ሲግናል ሞልቷል። ካርድ የምታወጣው ሰላም፣ «እና እየሠራ ነው ማለት ነው?» አለችኝ። አድራሻውን ያየሁት ያኔ ነው። መጨረሻው B7። ሌላ ራውተር ነው፤ በእኛ ስም፣ በእኛ ፓስዎርድ።
ልፈልገው ስነሳ መብራት ጠፋ። እስከምንወጣ አልመጣም።

ሐሙስ
ላፕቶፔን ይዤ፣ በየቦታው ትእዛዙን እየደገምኩ B7ን አሳደድኩት። ኮሪደሩ ላይ 70። ደረጃው ላይ 85። አንደኛ ፎቅ፣ መጋዘኑ በር ላይ 99።
«ምን ጠፍቶሽ ነው?» አለኝ የመጋዘኑ ከድር። ከካርቶኖቹ ጀርባ የድሮው ራውተር እንደተሰካ ቀርቷል። የኢንተርኔት መስመሩ የተቆረጠው ድሮ ነው። ከድር ጠረጴዛውን ወደዚያ ያዛወረው ባለፈው ሳምንት ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲገባ ራውተሩ የተሰካበትን የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ያበራል፣ ራውተሩም አብሮ ይነሳል። ካርድ ክፍሉ ደግሞ ልክ ከሥሩ ነው፤ ኮምፒውተሩ ቅርብ ወዳለው ይሄዳል።
አዲሱን ራውተር ስተክል የድሮውን ስምና ፓስዎርድ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሰው እንዳይቸገር ብዬ።
ነቀልኩት። ወርጄ አየሁ። 4C።
አቶ ሳሙኤል ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ማክሰኞ ዝም ማለቴንም ጭምር። «ለእትዬ ወርቅነሽ ራስሽ ደውዪላቸው» አሉኝ። ደወልኩ። «እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።» እሳቸውም፣ «ነገ ልግባ ማለት ነው?» ብቻ።

ዓርብ
ሦስት ሰዓት አለፈ። አራትም። አልጠፋም።
ምሳ ሰዓት ላይ እትዬ ወርቅነሽ ጠሩኝ። ሦስት ቀን ጎረቤት ‹ለምን ቀሩ?› ሲላቸው አሞኛል እያሉ ነው የከረሙት። «ይቅር ብዬሻለሁ ልጄ» አሉ። «ሰው ፊት ያልሽውን ግን ሰው ፊት አንሺልኝ።»
ከሰዓት ካርድ ክፍሉ ውስጥ፣ ሰላምም ከድርም ወረፋ የያዙትም እየሰሙ ተናገርኩ። እትዬ ወርቅነሽ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።
የእኔን ነገር አቶ ሳሙኤል ሰኞ እንነጋገራለን ብለዋል። ምን እንደሚሉ አላውቅም። ዛሬ ግን ምሳዬን በልቻለሁ።