ግድግዳ የሚያሳየው መስታወት

ለተከበሩ አቶ ከተማ
የሰላም በር ኪራይ ቤቶች አስተዳዳሪ
ጅግጅጋ

ጤናዎ፣ ወንበርዎና ከቀን ወደ ቀን የሚያድገው ሶማልኛዎ እንዴት ሰንብተዋል? እኛ ከመታጠቢያ ቤታችን በስተቀር ደህና ነን።

እንደሚያውቁት የእህቴ ልጅ ዒፍራህ ወገቧን ከተጎዳች ወዲህ ጎንበስ ማለት አትችልም። ሳሙናዋና መድኃኒቷ በደረቷ ልክ እንዲቀመጥላት ብዬ መደርደሪያ ስመርጥ፣ እንጨቱ በእርጥበት ያብጣል፣ ብረቱ ይዝጋል በማለት፣ ጠርዙ ተሞርዶ የለሰለሰ ወፍራም የመስታወት መደርደሪያ ከነመያዣው ከጫሌ ገበያ አስመጣሁላት። ግድግዳ የሚበሳው የግቢው ሠራተኛ ብቻ ነው የሚል ደንብ ስላለዎት በትሕትና አመለከትሁ። ከዚያ በኋላ ስለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. ሠራተኛዎን ባሺርን በአማርኛ ማዘዝ ሲችሉ፣ ቋንቋችንን ለማክበር ሲሉ «ሙራያድ» እንዲሰቅል በሶማልኛ ስላዘዙት። በአማርኛ የመስኮቱም የፊት ማያውም መስታወት ይባላል፤ እኛ ሙራያድ ብለን የምንሰቅለው ግን ፊታችንን የምናይበትን ነው። ባሺርም ታዛዥ ሰው ነውና መደርደሪያውን አቁሞ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ዒፍራህ ፀጉሯን ላበጥር ብላ ፊቱ ብትቆም ያየችው ቀለሙ የተላጠ ግድግዳ ነው።

2. ስህተቱን ባመለክትዎ በአካል መጥተው፣ ጎረቤት ሁሉ እያየ ፊቱ ቆመው ክራባትዎን ካስተካከሉ በኋላ በደንብ እንደሚያሳይ ስላረጋገጡልን። ክራባትዎ ወደ ጀርባዎ ዞሮ መዋሉን ያልነገርንዎ ከአክብሮት የተነሳ ነው።

3. መስታወቱን ያነሳ ሰው ቤቱን እንደሚለቅ ስላስታወቁን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዒፍራህ ሳሙና በወደቀባት ቁጥር ጎረቤታችንን ሆዶን እየጠራች፣ በሯን ገርበብ አድርጋ ትታጠባለች። በብዙ ነገር መሳቅ እወዳለሁ፤ በዚህ ግን አልሳቅሁም።

ቂመኛ ሰው ስላልሆንሁ ነገሩን ለበላይ አካል አላደረስሁም። ከዚህ በታች ለተጠቀሱት ብቻ አሳውቄአለሁ።

ዓይንዎ ያየውን አፍዎ እንዲናገር ዘወትር ከሚመኝልዎ፣
ታላቅ አክባሪዎ ጌዲ፣
የዒፍራህ አብቲ (የእናቷ ወንድም)፣ ከፈቀዱም የእርስዎ

ግልባጭ፦
ለጅግጅጋ ፀጉር አስተካካዮች በሙሉ። አቶ ከተማ ሊላጩ ሲመጡ እባካችሁ ንጹሕ የመስኮት መስታወት ፊታቸው አቁሙላቸው፤ እርሳቸው ራሳቸው ያጸደቁት ዓይነት ነው። እስካሁን ያነጋገርኋቸው ሁሉ በደስታ ተስማምተዋል።

ማስታወሻ፦ ትእዛዝዎ የሚከለክለው መስታወቱን ማንሳት ነው። አላነሳነውም፤ ቆሞ ስለደከመው ትናንት በዒፍራህ ደረት ልክ መያዣው ላይ አጋደምነው። ዒፍራህም ዛሬ ጠዋት በሯን ዘግታ ብቻዋን ታጠበች። ሊያስወጧት ከመጡ ጥፋታችንን ለጎረቤቱ ማስረዳትዎ አይቀርምና፣ እዚያ የተጋደመው ነገር ምን እንደሚባል ከራስዎ አፍ ለመስማት ሁላችንም በሩ ላይ እንጠብቅዎታለን።